«ኢሪ» ሲሉ «አስፈሪ» ማለታቸው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አጭር ልብ ወለድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነው። ታሪኩ ውስጥ «ኢሪ» (eerie) የሚል ቅጽል ሦስት ቦታ ገጠመኝ። አንዱ ስለ ቤት ዝምታ ነው። ሁለተኛው ስለ አንድ እንግዳ ሰው ፈገግታ ነው። ሦስተኛው ማታ ሐይቅ ላይ ስለሚያርፍ የጨረቃ ብርሃን ነው። መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ «አስፈሪ» የሚል አገኘሁና ሦስቱንም እንደዚያው ጻፍኳቸው። አርታዒዬ አንብበው «የምን መፍራት ነው? እዚህ ቦታ የሚያስፈራ ነገር አልመጣም እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለእኔም አልተዋጠልኝም። ግን ሌላ ቃል አጣሁ። «ስኬሪ»ም አስፈሪ፣ «ክሪፒ»ም አስፈሪ፣ «ኢሪ»ም አስፈሪ ሊሆን ነው? አማርኛ ለዚህ ስሜት ቃል የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ አርታዒዎ ጥሩ ጆሮ አላቸው። «የምን መፍራት ነው?» ማለታቸው ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ወደ መልሱ ይቀርባል። «ኢሪ» ውስጥ ፍርሃት አለ፤ የሚፈራው ነገር ግን የለም፤ ቢኖርም ገና አልታየም። «አስፈሪ» ብለው ሲጽፉ አንባቢው ወዲያው ዓይኑን ያማትራል። አውሬው የት አለ? ገደሉ የት አለ? ይላል። ፈልጎ ሲያጣ ዓረፍተ ነገሩ የዋሸው ይመስለዋል።

«አማርኛ ቃል የለውም ወይ?» ላሉት ግን መልሴ አለው ነው። እንዲያውም ብዙ አለው። ያጡት ቅጽል ስለፈለጉ ነው። አማርኛ ይህን ስሜት የሚያኖረው በቅጽል ውስጥ ሳይሆን በግስ ውስጥ ነው። ያውም ነገሩ ላይ ሳይሆን ሰውየው ላይ በሚያርፍ ግስ።

ይህን ለማየት የእንግሊዝኛውን ቃል ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። «ኢሪ» የስኮትላንድና የሰሜን እንግሊዝ ሰዎች ቃል ነበር። ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣው ሥሩ ፈሪ፣ ቦቅቧቃ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚነገረውም ስለ ሰው ነበር። «ኢሪ» የሚባለው ምክንያቱን በውል የማያውቀው ፍርሃት የያዘው ሰው ነው። ቦታና ድምፅ «ኢሪ» መባል የለመዱት ኋላ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1700ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ቃሉ ከፈሪው ተነሥቶ ወደሚያስፈራው ነገር ተሻገረ ማለት ነው። የድሮው ጠረን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። አንድ ደራሲ ቤቱ «ኢሪ» ነው ሲል ስለ ቤቱ ብዙም አልነገረን። የነገረን ቤቱ ውስጥ የቆመው ሰው ምን እንደተሰማው ነው።

እንግሊዝኛ እንዲህ ከፈሪው ወደ አስፈሪው መዝለል አይከብደውም። «ፊርፉል» የሚለውን ቃላቸውን ይውሰዱ። ፈሪ ሕፃንም «ፊርፉል» ነው፤ የሚያስፈራ ማዕበልም «ፊርፉል» ነው። አማርኛ እንዲህ አያደርግም። እኛ ዘንድ ፈሪውና አስፈሪው በሁለት ፊደል ተለያይተው ይኖራሉ። ይህ የሰዋስዋችን ደስ የሚል ሥራ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ፈራ ካለው «ፈሪ» ይወጣል፤ የሚፈራው ሰው። አስፈራ ካለው «አስፈሪ» ይወጣል፤ ፍርሃቱን ሌላው ላይ የሚያመጣው። ተፈራ ካለው ደግሞ «ተፈሪ» ይመጣል፤ ሰው የሚፈራውና የሚያከብረው። ይህ የመጨረሻው ዛሬ ከተራ ንግግር ይልቅ በመጠሪያ ስምነቱ ይታወቃል። ተፈሪ መኮንን የሚለውን ስም የማያውቅ የለም፤ ትርጉሙን ቆም ብሎ ያሰበው ግን ጥቂት ይመስለኛል። አራተኛም አለ። አስፈራራ ካለው «አስፈራሪ» ይወጣል። «አስፈሪ» ሰው ምንም ሳያደርግ ሊያስፈራ ይችላል፤ ቁመቱ ወይም ድምፁ ይበቃዋል። «አስፈራሪ» ግን አስቦበት ነው። ቃል ሰንዝሯል፣ ዝቷል፣ ምናልባትም ማስፈራሪያ ጽፏል። አንዲት «ራ» ስትደገም ሐሳብና ዓላማ ገባባት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልንገርዎ፤ ለተርጓሚ ይጠቅማል። «የሚፈራ ሰው» ብለው ቢጽፉ ፈሪው ነው ወይስ የሚፈሩት? ፊደሉ አይለይልዎትም። ስንናገር ድምፁ ይለየዋል። ፈሪው ሲሆን «ፈ» ላልቶ ያልፋል፤ የሚፈሩት ሲሆን «ፈ» እና «ራ» ጠብቀው ይነበባሉ። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው ከዙሪያው ቃል ይገምታል። አውዱ ካልረዳ «ሰው የሚፈራው» ወይም «ፍርሃት ያለበት» ብለው ያፍታቱት።

እንግዲህ «አስፈሪ» የሚለው ቃል ከአሠራሩ ጀምሮ ጣቱን ወደ ውጭ ይቀስራል። ያስፈራው እሱ ነው ይላል። «ኢሪ» ደግሞ ጣቱ ወደ ውስጥ ነው። የማይገጥሙት ለዚህ ነው።

ሌላም ችግር አለ። «አስፈሪ» ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ ቢሆንም ሲፈራ የሚለው ሰው የለም። ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው «አስፈሪ!» ብሎ አይጮኽም። «ኧረ ያስፈራል!» ነው የሚለው። «አስፈሪ» ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ተቀምጠን ስንተርክ ወይም ስንጽፍ የምንጠቀምበት ነው። አንዲት የዘመድ ልጅ ፊልም ስታይ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ፊልሙ ሳይጀመር «ይሄ ስኬሪ ነው አሉ» አለችኝ፤ እየሳቀች። እንደ መለያ ነው የተጠቀመችበት፤ የፊልሙ ዓይነት ስም አድርጋ። ሃያ ደቂቃ እንዳለፈ ግን ጋቢውን እስከ አፍንጫዋ ጎትታ ክንዴን ያዘችና «ፈራሁ» አለች። «ስኬሪ» አላለችም፤ «አስፈሪ»ም አላለችም። ግስ ነው የወጣት፤ ባለቤቱም ራሷ ናት።

በራሴም ያየሁት ነው። አንድ ማታ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻዬን አመሸሁ። መብራቶቹ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበሩ፣ እንቅስቃሴ ሲጠፋ ደግሞ ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው። እኔ ካለሁበት በቀር አዳራሹ በሙሉ ጨልሟል። ድንገት ከመደርደሪያዎቹ ማዶ፣ ማንም በሌለበት መተላለፊያ፣ አንዱ መብራት ቦግ አለ። እርሳሴን አስቀመጥኩ። ከአፌ የወጣው ምን እንደሆነ ልንገርዎ፦ «ይቺ ነገር አላማረችኝም»። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው አሁን ያልኩት ነገር «ኢሪ» ማለት አይደል እንዴ ብዬ ያሰብኩት።

አላማረኝም። ልብ ብለው ይዩት። መልክ የሚገልጽ ግስ ነው፤ አማረ፣ ቆንጆ ሆነ። አሉታው ሲመጣና «ኝ» ሲጨመርበት ግን የመልክ ነገር መሆኑ ያበቃል። «ሁኔታው አላማረኝም» ያለ ሰው ሊመጣ ያለ ክፉ ነገር ሸቶታል። ምን እንደሆነ አያውቅም። ማስረጃም የለውም። ብቻ አላማረውም። ለ«ኢሪ» ከዚህ የሚቀርብ አማርኛ እምብዛም አላውቅም። ስለዚህ የሁለተኛውን ዓረፍተ ነገርዎን ግማሽ መንገድ ሄድን ማለት ነው፤ ፈገግታው አላማራትም።

«ኝ» የምትባለዋን ቅጥያ ተከትለው ቢሄዱ ሌሎቹንም ያገኟቸዋል። አማርኛ ስሜትን ሲናገር ሰውን ተቀባይ ያደርገዋል። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደበረኝ እንላለን። ስሜቱ መጥቶ ይዞኛል እንጂ እኔ አላደረግኩትም። ምክንያቱ የማይታወቅ ፍርሃትም በዚሁ በር ነው የሚገባው።

ቀፈፈኝ አለ። «ቤቱ ቀፈፈኝ» ያለ ሰው አንድ የሚያስፈራ ነገር አየሁ አላለም። ቤቱ ውስጥ መቆየት አልወደደም፤ ቆዳው አልተቀበለውም። ድግግሙ «ቅፍፍ አለኝ» ሲሆን ደግሞ የበለጠ የገላ ነገር ይሆናል። ቅጽሉም አለ፤ ቀፋፊ። «ቀፋፊ አየር»፣ «ቀፋፊ ክፍል» እንላለን። በነገራችን ላይ ልመና ወጣ ለማለት «ቀፈፋ ወጣ» የሚባል አለ፤ የዚህኛው ቀፈፈ ለብቻው ነውና እንዳይምታታብዎት።

ውርር አደረገኝ አለ። ይህ ቆዳ ላይ የሚሮጥ ነገር ነው። ብርድም ያመጣዋል፣ ድንገተኛ ትዝታም ያመጣዋል፣ ከኋላ የተሰማ ኮቴም ያመጣዋል። ፀጉሬ ቆመ የሚለው ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል።

ከበደኝ አለ። «ይህ ቦታ ይከብዳል» ሲባል የኪሎ ነገር አይደለም። የገባው ሰው ትከሻው ላይ አንዳች ነገር የተጫነው ይመስለዋል። ማብራሪያ ቢጠይቁት አይኖረውም፤ «እንጃ፣ ብቻ ይከብዳል» ነው መልሱ። ያ «እንጃ» የሚለው ቃል የ«ኢሪ» ልብ ነው ብል አላጋነንኩም።

ፈራ ፈራ አለኝ አለ። አንድ ጊዜ «ፈራሁ» ማለት ቁርጥ ያለ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ ሲደገም ግን ይላላል፤ እርግጠኛነቱ ይቀንሳል። ደፍሮ ፍርሃት ያልሆነ፣ ግን አላስቀምጥ ያለ ነገር። ሰዋስዋችን ቃሉን ደግሞ ስሜቱን እንደሚያሳንስ ለማሳየት ይህን ለተማሪዎቼ አዘውትሬ እጠቅሰዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን «ጭር» ነው። ዝም ለማለት ብዙ ቃል አለን። ዝም አለ፣ ፀጥ አለ፣ እረጭ አለ፣ ጭር አለ። አንድ አይደሉም። ዝም ያለው መናገር የሚችል ነው፤ ሰው፣ ልጅ፣ ሬዲዮ። ፀጥታ ሰላም አለው፤ ለሥራም ለእንቅልፍም ይመቻል፤ እንዲያውም ጸጥታን ከደኅንነት ጋር አስተሳስረን «የፀጥታ ኃይል» እስከ ማለት ደርሰናል። እረጭ ያለው ምንም ነገር የማይላወስበት ነው። ጭር ያለው ግን ሰው መኖር የሚገባው ቦታ ሆኖ ሰው የታጣበት ነው። በረሃ ፀጥ ይላል፤ ጭር አይልም፤ ድሮም ማን ነበረበትና። ጭር የሚለው ገበያ ነው፤ ትምህርት ቤት ነው፤ ልጆቹ የሄዱበት ቤት ነው። ጭርታ ውስጥ የሌለው ሰው ይሰማል። እንግሊዝኛው ለዚህ ሁለት ቃል ያወጣል፤ «ኢሪ»ን ከዝምታ ጋር ያጣምራል። እኛ በአንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል እንጨርሰዋለን። «ኢሪሊ ኳየት» የሚል ካጋጠመዎት «ጭር ብሏል» ብለው ይለፉ፤ ምንም አይጨምሩበት።

ወደ ሌሎቹ የእንግሊዝኛ ቃላት ልምጣ፤ «ስኬሪና ክሪፒን በምን ልለያቸው?» ለሚለው። «ስኬሪ» ቀላሉ ነው። ማስፈራት ከሚለው ግሳቸው የወጣ፣ የልጅም የአዋቂም አፍ የሚደፍረው ቃል ነው። «አስፈሪ» ወይም «የሚያስፈራ» ይበቃዋል፤ ሰው ሲናገር ከሆነ «ያስፈራል» ይበሉት። ዛሬ ወጣቱ «ስኬሪ» ራሱን በአማርኛ መሐል ይጠቀምበታል። ገጸ ባሕርይዎ ወጣት ከሆነ፣ በአፉ እስካስገቡት ድረስ፣ አልከለክልዎትም። በተራኪው ድምፅ ግን አያድርጉት።

«ክሪፒ» መዳህ፣ መሳብ ከሚለው ግስ ነው የመጣው። ነፍሳት ቆዳ ላይ ሲሄድ የሚሰማው ስሜት። ስለዚህ ቀፈፈኝና ውርር አደረገኝ የሱ ቤተሰቦች ናቸው። ስለ ሰው ሲነገር ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ አተያዩ የማያምር፣ አቀራረቡ የሚያስጠላ። «ሰውየው ይቀፋል» ቢሉ ይሄዳል። «ሰውየው አስፈሪ ነው» ካሉ ግን ተሳስተዋል፤ ጉልበተኛ አደረጉት፤ የማይገባውን ክብር ሰጡት። «ስፑኪ» ከሆላንድኛ መንፈስ ከሚለው ቃል የተወለደ፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ በኩል የተስፋፋ ነው። ጨዋታ አለበት። የእኛ «መንፈስ» ጨዋታ ስለማያውቅ ቃል በቃል ከመለሱት ይከብድብዎታል፤ ያን ጊዜ «ፈራ ፈራ የሚያሰኝ» የተሻለ ነው።

ስለ «ሰቅጣጭ»፣ «ዘግናኝ» እና «አሰቃቂ» ግን አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ከ«አስፈሪ» ጋር ሲደባለቁ ባየሁ ቁጥር ያመኛል። አደጋ ደርሶ ሰው ሲሞት «አስፈሪ አደጋ ደረሰ» ብሎ የሚጽፍ አለ። ፍርሃት ወደፊት ነው የሚያየው። ገና ያልሆነውን ነው የምንፈራው። የሆነው ነገር ሰቀጠጠን፣ ዘገነነን፣ ሰቀቀን ሆነብን እንጂ ከሆነ በኋላ አያስፈራም። ስለዚህ የደረሰው አደጋ «አሰቃቂ» ነው፤ ደም ያለበት ከሆነ «ዘግናኝ» ነው፤ ሲሰሙት ጆሮ የሚቆርጥ ከሆነ «ሰቅጣጭ» ነው። «አስፈሪ» የሚሆነው ነገ ሊደርስ የሚችለው ነው። ለሕይወት ወይም ለሥራ የሚያሰጋው ደግሞ «አስጊ» ነው፤ እሱ የገላ ሳይሆን የሐሳብ ፍርሃት ነው። ድንገት የመጣው «አስደንጋጭ» ነው፤ ከሰከንድ በኋላ ሊያልፍም ይችላል። እነዚህ ሁሉ እያሉን በ«አስፈሪ» ብቻ ማዝገም ሙሉ ልብስ እያለ በአንድ ሸሚዝ ዓመት መክረም ነው።

ስፖርት ዘጋቢዎች «አስፈሪ አጥቂ»፣ «አስፈሪ ቡድን» ሲሉ ግን ትክክል ናቸው። ተቃዋሚው ገና ሜዳ ሳይገባ የሚፈራው ነው። «ጉብዝናዋ ያስፈራል» የሚለው ውዳሴም እንደዚያው። የከተማው ልጅ «አደገኛ ጎበዝ» ሲል የሚቆጡ አሉ፤ እኔ አልቆጣም። ፍርሃትና አድናቆት ድሮም ጎረቤቶች ናቸው። ይህን የሚያሳይ ትልቅ ምስክር አለን፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገርዎም በሱ ይፈታል ብዬ ስለማምን በደንብ ላሳይዎት።

«ግሩም» ዛሬ ምን ማለት ነው? በጣም ጥሩ፣ ድንቅ። «ግሩም ሥራ ነው» እንላለን። በግዕዝ ግን «ገረመ» ማለት አስፈራ፣ አስደነገጠ ነው። «ግሩም» የሚፈራ፣ የሚያስፈራ ነው። በግዕዙ መዝሙር 46 ላይ «እስመ ልዑል ወግሩም እግዚአብሔር» ይላል። ጥሩ ነው ማለቱ አይደለም፤ በፊቱ ቆመው የሚንቀጠቀጡለት ነው ማለቱ ነው። ይኸው ስፍራ በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም «ቴሪብል» ተብሏል፤ ዛሬ ዛሬ የወጡ ትርጉሞች «ኦሰም» አሉት። የሚገርመው፣ እነዚያም ቃላት የተጓዙት በዚሁ መንገድ ነው። «ኦሰም» የሚያርድ ማለት ነበር፤ አሁን የጎረምሳ አድናቆት ሆነ። «ተሪፊክ» ሽብር ከሚለው የላቲን ቃል ነው የመጣው፤ አሁን ግሩም ማለት ነው። «ቴሪብል» ግን በተቃራኒው መጥፎ ሆኖ ቀረ። አሁን ራሴ «የሚገርመው» ብዬ ጻፍኩ አይደል? ያም ከዚያው ግስ ነው። ዱሮ አስፈራኝ ይል የነበረው ዛሬ ደነቀኝ ይላል።

ከዚህ ሥር አንድ ቃል ግን ድንበሩ ላይ ቀርቷል። ወደ ፍርሃትም ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ወደ አድናቆትም ጠቅልሎ አልገባም። እሱም «ግርማ» ነው። ግርማ ያለው ሰው ሲገባ ወሬ ይቆማል። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልዛተም። ግን ተቀምጦ የነበረው ይነሣል። «ግርማዊ» የሚለውን ማዕረግም ከዚህ አወጣን። መዝሙረኛው ደግሞ ለሌሊት ሰጠው። በመዝሙር 90፣ በሌላው አቆጣጠር 91፣ «ኢትፈርህ እምግርማ ሌሊት» ይላል፤ አማርኛው «ከሌሊት ግርማ» ብሎ ወስዶታል። እንግሊዝኛው «ተረር» ያለውን ማለት ነው። «ግርማ ሌሊት» እስከ አሁንም በሰው አፍ አለ። «ግርማ ሌሊቱ ያስፈራል» ሲባል ጨለማው ውስጥ ሌባ አለ፣ አውሬ አለ ማለት አይደለም። ሌሊቱ ራሱ፣ ስፋቱና ዝምታው፣ ሰውን ያሳንሰዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሮችዎ እንመለስ።

የመጀመሪያውን «በቤቱ ላይ አስፈሪ ዝምታ ወረደ» ብለውታል። ዝምታ በአማርኛ መውረዱንም እጠራጠራለሁ፤ ያ የእንግሊዝኛው አካሄድ ነው። እኛ ዘንድ ቤቱ ነው ጭር የሚለው። «ቤቱ ጭር አለ። ከበዳት።» ይበቃል። ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር፤ አንዱ ስለ ቤቱ፣ አንዱ ስለ እሷ። «ከበዳት» የሚለው ባለቤቱን አለመናገሩን ልብ ይበሉ። ምን ከበዳት? ቤቱ? ዝምታው? አልተነገረም፤ እንዲነገርም አይፈለግም። ደራሲው ሆን ብሎ የደበቀውን አማርኛው በራሱ ደብቆልዎታል።

ሁለተኛውን «አስፈሪ ፈገግታ አሳያት» ብለውታል። ይህን ያነበበ ሰው ጥርሱን ያገጠጠ ሰው ነው የሚታየው። ታሪኩ ውስጥ ግን ሰውየው ትሑት እንግዳ ነው፤ ፈገግታውም ከውጭ ሲያዩት ደኅና ነው፤ ትንሽ ረዘም ብሎ መቆየቱ ብቻ ነው ችግሩ። እንደዚህ ከሆነ «ፈገግ አለላት። ፈገግታው ግን አላማራትም።» ይበሉ። ወይም ጠንከር እንዲል ከፈለጉ «ፈገግ ሲል ቅፍፍ አላት» ያድርጉት። የመጀመሪያው የልብ ነው፣ ሁለተኛው የቆዳ ነው። ምዕራፉ መጀመሪያ ላይ ከሆነ የልቡን እመርጣለሁ፤ የቆዳውን ለኋላ ያቆዩት፤ ሰውየው እውነተኛ ማንነቱ ሲወጣ ያስፈልግዎታል።

መንገዴን ሳልጨርስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሌላ ቦታ ይገጥምዎታልና። «ኢሪሊ ሲሚላር» የሚሉት አላቸው፤ ሁለት ነገሮች በማይገባ ደረጃ ሲመሳሰሉ። «በአስፈሪ ሁኔታ ይመሳሰላሉ» የሚል ትርጉም በብዛት አያለሁ። «በ… ሁኔታ» የሚለው አገባብ በአብዛኛው ትርጉም ትርጉም ይሸታል። «መመሳሰላቸው ያስደነግጣል» ወይም «እስኪያስደነግጥ ድረስ ይመሳሰላሉ» ብንል አማርኛ ሆነ።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ምክንያቱም ብርሃኑ ቆንጆም ነው። ቀፈፋት ካሉ ውበቱን ገደሉት። አስፈሪ ካሉ ጨረቃዋን ጠላት አደረጓት። «አላማራትም» ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ አምሯል እኮ። የጻፉልኝን ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ሳየው ልጅቱ ሐይቁ ዳር ቆማለች። ዓይኗን መንቀል አልቻለችም፤ ቀርባ ማየትም አልደፈረችም። ይህ ከ«ግርማ» ሌላ ስም የለውም። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«የጨረቃዋ ብርሃን ሐይቁ ላይ ተኝቷል። ግርማው ያስፈራል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ዓይኗን ግን አልነቀለችም።»

«ያስፈራል» የሚለው ተመልሶ መጣ አይደል? አሁን ግን የሚያስፈራው ነገር ስም አለው። አርታዒዎ «የምን መፍራት ነው?» ቢሉዎት የሚያሳዩአቸው አለዎት።